«የጎንዮሽ ጉዳት» ምንድን ነው? ኑጉ ተኮማተረ ማለት መጩ ሞተ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ኬሞ፣ ስለ ካንሰር መድኃኒቱ፣ ሲያስረዳ «ካላስመለሰህና ፀጉርህ ካልረገፈ መድኃኒቱ አልያዘህም ማለት ነው» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ ወደደለት። ላልፈው ነበር። ግን ይህንኑ ነገር ቡሬም ሰምቼዋለሁ፣ ቢቸናም ሰምቼዋለሁ፣ ባሕር ዳርም መድኃኒት ከምበጠብጥበት ክፍል በር ላይ ዘወትር እሰማዋለሁ። ዛሬ አላልፈውም።

ፋርማሲስት ነኝ። ካንሰር ምን እንደሆነ፣ ኬሞ እንዴት እንደሚሰጥ እዚህ አላወራም። ጣጣ ያመጣችው «የጎንዮሽ» የምትለዋ ቃል ነች። መድኃኒት ፊትና ጎን የለውም። ደም ውስጥ ይገባና የሚሠራውን ይሠራል። ይህ ዋናው፣ ይህ የጎኑ ብለን የምንከፍለው እኛ ነን፣ እንደ ፍላጎታችን።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ያወረደብንን የሰናፍጭ ጋዝ ታውቁታላችሁ። ያ ጋዝ ቆዳና ሳንባ ማቃጠሉ ሳያንስ ነጭ የደም ሴልንም ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የዚያን ጋዝ የቅርብ ዘመድ፣ ናይትሮጅን ሙስታርድን፣ የሊምፎማ ሕመምተኛ ላይ ሞከሩት። ሊምፎማ የነጭ ደም ሴል ካንሰር ነው። ጦር ሜዳ ላይ ጉዳት የነበረው ነገር ሆስፒታል ሲገባ ሕክምና ሆነ። ዛሬ ለጡት ካንሰር የምንሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የዚሁ ዘር ነው። ለጡት ካንሰር ሲሰጥ ደግሞ የነጭ ደም ሴል ማነስ ተመልሶ «የጎንዮሽ» ይባላል። ሥራው ያው ነው፤ ስሙን የቀየርነው እኛ ነን።

ገበሬ ቤት ያደገ ሰው በቱፎርዲ ይገባዋል። ጤፍ ላይ የሚረጨውን የአረም መድኃኒት ማለቴ ነው። ቱፎርዲ «አረም» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሰፊ ቅጠል ነው። ጤፍ የሳር ዘር ስለሆነ ይተርፋል፣ መጭ የሚባለው አረም ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ይሞታል። ኬሞም ካንሰርን ለይቶ አያውቅም። ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ነው የሚያጠቃው፤ የፀጉር ሥርም፣ የአፍና የአንጀት ሽፋንም፣ ደም የሚመረትበት መቅኔም ቶሎ ይራባሉ።

እንግዲህ ከጤፉ አጠገብ የጎረቤት ኑግ አለ እንበል። ነፋስ ርጭቱን ወስዶ ኑጉ ላይ ጣለው። ኑጉ ተኮማተረ። ታዲያ ኑጉን አይቶ «ጤፌ ጸድቷል» የሚል ገበሬ አለ? ማሳው ላይ የበቀለው ሙጃ ከሆነኮ፣ ሙጃ ሳር ነው፣ ቱፎርዲ አይነካውም። ኑጉ ይቃጠላል፣ ሙጃው ይስቃል። ነፋሱ ወደዚያ ማዶ ከነፈሰ ደግሞ መጩ ይሞታል፣ ኑጉም ይተርፋል። አረሙ መሞቱን የሚያውቅ ማሳው ውስጥ ገብቶ ያየ ነው። የእኛ ማሳ ውስጥ መግባት ማለት እብጠቱን በእጅ መዳሰስ፣ በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን መለካት፣ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ደም መመርመር ነው። ፀጉር በማየት አይደለም። ፍሎሮዩራሲል የሚባለው የአንጀት ካንሰር መድኃኒት ብዙ ጊዜ ፀጉር ያሳሳል እንጂ አይመልጥም፤ ይህን የወሰደ ሰው ሰፈር ሲገባ «ውሸቱን ነው፣ ኬሞ አልወሰደም» እስከ መባል ይደርሳል።

(እዚህ ላይ የሙያ ጓደኞቼ ከመጮሃቸው በፊት፦ አዎ፣ እንደ ሴቱክሲማብ ባሉ፣ ተራ ኬሞ ባልሆኑ የካንሰር መድኃኒቶች ላይ ፊት ላይ ሽፍታ የወጣባቸው ሰዎች የተሻለ ውጤት ሲያገኙ ታይቷል። እሱ ግን የራሱ ምክንያት አለው፤ ለተራው ኬሞ መለኪያ አይሆንም።)

ማስመለስ ደግሞ ከዚህ ሒሳብም የወጣ ነው። መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ አንጎል የሚሄደውን የማስመለስ ምልክት ይቀሰቅሳል፤ ከካንሰሩ መሞት ጋር ምንም አያገናኘው። ያላስመለሰው ሰው ብዙ ጊዜ የማስመለስ መከላከያው፣ ኦንዳንሴትሮኑ፣ ስለሠራለት ነው። ማን እንደሚያስመልስም ይለያያል። ወጣት ሴቶች ይበረታባቸዋል፣ በእርግዝና ጊዜ ሲያቅለሸልሻት የነበረች ሴት ደግሞ የበለጠ። ለዓመታት አረቄ የለመደ ሰውዬ ብዙም አይሰማውም። አረቄ ጠጡ አላልኩም! ግን የዚያ ጸሐፊ ሒሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ኬሞ የሚሠራው ከአረቄ ጠጪ ይልቅ በእርግዝናዋ ሲያቅለሸልሻት በነበረች ሴት ላይ ነበር።

ሌላው ስህተት ግልባጩ ነው። «አልተስማማውም፣ አቁመው።» አለመስማማት የምንለው አለርጂን ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱ እየገባ ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ፣ ገላ ካሳከከ እዚያው ለነርሷ መናገር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የረገፈ ፀጉር ግን አለመስማማት አይደለም። የሚጠበቅ ነው፣ ደግሞም ይበቅላል። እዚህ ላይ የኑጉ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ የተቃጠለ ኑግ እንዲህ አይመለስም። ሰውነት ግን ይተካል። ብዙ ኬሞ በ21 ቀን የሚሰጠውም ለዚሁ ነው፣ መቅኔው ደም መልሶ እስኪያመርት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? አደገኛው ጉዳት ጭራሽ የማይሰማው መሆኑ። ኬሞ በተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። አያም፣ አያሳክክም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ገበያ ይወጣል፣ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ ያልፈላ ወተት ይጠጣል። ከዚያ ትኩሳት ይመጣል። እኛ አገር ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ወባ ነው። በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ሲባል። ምርመራ፣ የወባ ክኒን፣ ፓራሲታሞል፣ «እስከ ነገ እንየው»። ኬሞ የወሰደ ሰው 38 ዲግሪ ካተኮሰው ነገ የሚባል ነገር የለም። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያወርድና ኢንፌክሽኑን ይደብቃል። ወባው ይመርመር፣ ግድ የለም፤ ግን ጤና ጣቢያ እንደገባችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ ወስጃለሁ፣ ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው» ይሁን። ካርዱንም አሳዩ።

በተቃራኒው ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን። በወሰዱ ማግስት ሽንት ይቀላል። «ደም ሸናሁ» ብሎ የሚሮጥ ብዙ ነው። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ይወጣል። ነገር ግን አብሮ የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ አልፎ አልፎ ፊኛን ያደማል። ስለዚህ መቅላቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ወይም ሲሸኑ ካቃጠለ፣ ቀለም ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ውኃ በብዛት ጠጡ ሲሏችሁም ከዚህ የተነሳ ነው። የፈላ ውኃ፣ እባካችሁ።

አንዲት እናት ነበሩ፣ ከሞጣ በኩል። ጥጥ ፈታይ ናቸው። ፓክሊታክሰል የሚባል መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ የእጅና የእግር ጣት ያደነዝዛል። በየዙሩ «እማማ፣ እንዴት ኖት፣ የሚሰማዎት አለ?» እላቸዋለሁ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። በአራተኛው ዙር ልጃቸው ቀስ ብላ ነገረችኝ። ለካ ክሩ ጣታቸው ላይ አይታወቃቸውም፣ እንዝርቱ ከእጃቸው ይወድቃል። ለምን እንደደበቁኝ ስጠይቃቸው «ሲያምሽ ነው የሚሠራው፣ ከተናገርሽ ይቀንሱብሻል አሉኝ» አሉ። ማን እንዳላቸው አላውቅም፤ ያ የጻፈው ሰውዬ ይሆናል ብዬ አስባለሁ በንዴት።

መቀነሱ እውነት ነው፣ ሐኪሙ ቀነሰላቸው። ቀንሶም እብጠቱ በተለካ ቁጥር እያነሰ ነው የሄደው። በሁለተኛው ዙር ተናግረው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይታይላቸው ነበር፤ መደንዘዝ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ባለፈው ለቀጠሮ ሲመጡ ፈትል መጀመራቸውን ነገሩኝ። ግራ እጃቸው ተመልሷል። የቀኙ አውራ ጣት ግን ገና ነው፣ ክሩን በዓይናቸው እያዩ ነው የሚያከሩት።