አመክሮ ምንድን ነው? ለሴት እስረኛስ?

ደሴ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቶናው እየተቀዳ የአንዲት ሴት መፈታት ወሬ ተነሣ። አንዷ «በይቅርታ ነው የወጣችው» አለች። ሌላዋ «ምሕረት ነው እንጂ» አለች። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ጀበናቸውን እንደያዙ «ኧረ በአመክሮ ነው! ሽማግሌ ሲመላለስ አላያችሁም?» አሉ። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የሽማግሌውን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው። አመከረ ማለት ፈተነ ማለት ነው። ሙከራም መከራም ዘመዶቹ ናቸው። ገዳም የገባ ሰው ከመመንኮሱ በፊት የሚፈተንበት ጊዜም አመክሮ ይባላል። በወንጀል ሕጋችንም ትርጉሙ ከዚህ አልራቀም። የእስር ጊዜዋን ሳትጨርስ በአመክሮ የወጣች ሴት ቅጣቷ አልተሰረዘላትም። ደጅ ሆና እየተፈተነች ነው። የተሰጣትን ግዴታ ከጣሰች ልትመለስ ትችላለች።

ይቅርታ ሌላ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ምሕረት በአዋጅ ይመጣል። ገደብ ደግሞ ገና ሲፈረድ የቅጣቱ አፈጻጸም የሚቆምበት ነው። አመክሮን የሚሰጠው ግን ፍርድ ቤት ነው፣ ያውም ታስሮ ለከረመ ሰው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው መታሰር አለበት። 12 ዓመት የተፈረደባት 8 ዓመት ስትጨርስ መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ነው። ከፍርድ በፊት በቀጠሮ የታሰረችበት ጊዜም ይቆጠርላታል። (እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ያለ ሒሳብ የሌለው እስር እናውቃለን። ግሸን አምባ ላይ ይታሰሩ የነበሩት የነገሥታት ልጆች አመክሮ አልነበራቸውም። ዋናው መውጫቸው መንገሥ ነበር።)

ቀኑ ሞላ ተብሎ ግን በሩ አይከፈትም። ሕጉ መጀመሪያ ሥራና ጠባይ ያያል። መታረሟን በሥራዋና በመልካም ጠባይዋ ማሳየት አለባት። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የሚሰፋው ሌማት፣ የሚፈተለው ጥጥ፣ የሚጠለፈው ጨርቅ ለሳሙና መግዣ ብቻ አይደለም። ምስክር ነው። ማን ያያል ካላችሁ፣ ከሁሉ ቀድማ የምታየው ጠባቂዋ ሴት ፖሊስ ናት። በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች ሴት እስረኛ በሴት ብቻ ትጠበቅ ይላሉ። ወንድ ሠራተኛ ያለ ሴት ባልደረባ ወደ ሴቶቹ ክፍል አይገባም። ፈታሿም፣ የሌሊት ተረኛዋም፣ ሲያማት ቀድማ የምትጠራውም ሴት ናት። ስለዚች ሠራተኛ ብዙ አይወራም። እሷም ግማሽ ቀኗን ከዚያው ግንብ ውስጥ ታሳልፋለች። ልጇን ለጎረቤት ጥላ መጥታ የእስረኛዋን ልጅ ለቅሶ ስትሰማ ታድራለች። የሷን ድካም የሚቆጥር አመክሮ የለም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ነገር። ሕጉ ሁለተኛ የሚያየው ካሳን ነው። አጥፊዋ አቅሟ በፈቀደ መጠን፣ ፍርድ ቤት የወሰነውን ወይም ከተበዳይ ጋር የተስማማችበትን ጉዳት መካስ አለባት። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በወሎ ካሳ ያለ ሽማግሌ እምብዛም አይታሰብም። ደም ከፈሰሰ አበጋር የሚባለው የአገር አስታራቂ ይጠራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል። አበጋሩ ዘንድ የሚቆመው ግን ማን ነው? ወንድ ከታሰረ እናቱ ታለቅሳለች፣ ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች፣ አጎቶቹ ሽማግሌ ይልካሉ። ሴት ስትታሰርስ? ተበዳዩ ባሏ ወይም የባሏ ወገን ከሆነ፣ ያገባችበት ቤት ተበዳይ ሆነባት። የተወለደችበት ቤት ደግሞ «አዋረደችን» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል። ስንቅ እንኳ የምታመጣላት እህት ካለቻት ዕድለኛ ናት። ከግንቡ ውስጥ ሆና ሌማት መስፋት ትችላለች፤ ሽማግሌ መላክ ግን አትችልም። ካሳውንስ ከየት ታመጣዋለች? በሬውም መሬቱም ከባል ቤት ነው።

ስለዚህ ሁለት ሦስተኛው ለወንዱም ለሴቷም እኩል ቢሆንም መንገዱ እኩል አይደለም ባይ ነኝ። ይህን የተረዱ የዓለም ሕግ አርቃቂዎች አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሴት እስረኞች 70 ደንቦችን አጸደቀ፤ የባንኮክ ደንቦች ይባላሉ። 63ኛው በቀጥታ የሚናገረው ስለዚሁ ነው። ሴት እስረኛን በአመክሮ ለመፍታት ሲወሰን ልጅ ወይም ሌላ ጥገኛ የማሳደግና የመንከባከብ ኃላፊነቷ በበጎ ይታይላት ይላል። ከወጣች በኋላ ኑሮ ለመጀመር የሚያስፈልጋትም እንዲሁ። አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ቢሆንም ጠበቃ በማመልከቻው ላይ ቢጠቅሰው አይጎዳም።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንድ ነገር አለች። ማረሚያ ቤቱ ስሟን እስኪያቀርብላት መጠበቅ ግዴታዋ አይደለም። ራሷ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ትችላለች። ይህን ቡናው ላይ ስናገር እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የእህታቸው ልጅ ታስራለች፤ 9 ዓመት ነው የተፈረደባት። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፣ ከቀጠሮው ጊዜ አንሥተው። ስድስት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው «ሽማግሌውን እኔ ብልክስ፣ ሴት ላከች ብለው ይመልሱብኛል?» አሉኝ። በረካው ሳይቀዳ ቀረ።