በቤት ለሚሠራ አምፕሊፋየር ቦርድ መንደፍ

አምፕሊፋየር በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ዕቃዎቹ ነው። የትኛው ካፓሲተር ይሻላል? የትኛው ቺፕ ድምፁ ያምራል? ዕቃዎቹ የሚበየዱበት ባለ መዳብ መስመር ሰሌዳ፣ ማለትም ቦርዱ፣ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ግን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቺፕ፣ አንድ ዓይነት ሬዚስተርና ትራንስፎርመር ይዘው ይሠሩና የአንዱ ጸጥ ይላል፤ የሌላው ሙዚቃ ሳይከፈትም «እምምም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ያለው ቦርዱ ላይ ነው።

ድሮ ዕቃ ከዕቃ የሚያያዘው በሽቦ ነበር። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፖል አይስለር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ መስመሮቹን በመዳብ ንጣፍ ላይ አውጥቶ ሬዲዮ ሠራ። የአሜሪካው ዳይናኮ ደግሞ በ1959 ስቴሪዮ 70 የተባለውን ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ለቤት ሠሪዎች ፈታትቶ ሲሸጥ፣ አስቸጋሪውን ክፍል በቦርድ ላይ በይዶ ነበር የሚልከው። ገዢው የቀረውን ይገጣጥማል።

ዛሬ ብዙ ጀማሪ የሚነሳው ከኤልኤም3886 ነው። ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ያወጣው ባለ 11 እግር ቺፕ ነው፤ ኩባንያው አሁን በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሥር ነው። በፕላስና በማይነስ 28 ቮልት፣ 4 ኦም ስፒከር ላይ 68 ዋት ያወጣል። ዙሪያው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ስለዚህ የቦርድ ሥራ ለመማር እንደሱ የሚመች የለም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚበላሸው ግራውንድ ላይ ነው። ንድፉ ላይ ግራውንድ ትንሽ ምልክት ናት፤ ሁሉም እዚያ ይገናኛል፣ ቮልቴጁም ዜሮ ነው ይባላል። መዳብ ግን ሬዚስታንስ አለው። የተለመደው ቦርድ መዳብ ውፍረቱ 35 ማይክሮን ነው። ከዚህ መዳብ ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ቁራጭ ብንቆርጥ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ግማሽ ሚሊኦም ገደማ አለው። ወርዱ 2 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ መስመር እንዲህ ያሉ 50 ካሬዎች ተደርድረው ማለት ነው። 25 ሚሊኦም ይሆናል። ከስፒከሩ የሚመለስ 2 አምፒር በዚያ ሲያልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሚሊቮልት ይፈጠራል። የመግቢያው ግራውንድ እዚሁ መስመር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ቺፑ ይህን 50 ሚሊቮልት ከሙዚቃው አይለየውም። በ20 የሚያጎላ ከሆነ መውጫው ላይ 1 ቮልት ያህል ይሆናል። በቀጭን መስመር ምክንያት ብቻ!

ከዚህ የባሰው ደግሞ ከሬክቲፋየሩ፣ ማለትም የመብራቱን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚቀይረው ዕቃ፣ የሚመጣው ነው። እንደ እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ኃይል የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላሉ። ሲሞሉም ቀስ ብለው አይደለም፤ በአጭር ጊዜ ብዙ አምፒር ጎርሰው ነው። ይህ ግፊት ከሬክቲፋየሩ ወደ ካፓሲተሮቹ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ መቅረት አለበት። የሌላው ሁሉ ግራውንድ ከካፓሲተሮቹ ወዲያ፣ ከአንድ ነጥብ ይነሳል። የስፒከሩ መመለሻ ለብቻው፣ የመግቢያውና የፊድባኩ (ከመውጫው ወደ ቺፑ መግቢያ የሚመለሰው መስመር) ለብቻቸው እዚያች ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ሠሪዎቹ ስታር ግራውንድ የሚሉት ይህንን ነው። ጅረት የሚሄድበትን መንገድ ሁሉም ያስባል፤ እኔ ግን ቦርድ ሳይ መጀመሪያ የማየው የሚመለስበትን ነው።

ሌላው በአብዛኛው የርቀት ጉዳይ ነው። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተሮቹ ከቺፑ የኃይል እግሮች አጠገብ፣ በሚሊሜትር ርቀት ይቀመጣሉ። የፊድባክ ሬዚስተሩም ቺፑ ላይ ተጠግቶ ይበየዳል። ፕላስና ማይነስ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ተራርቀው ትልቅ ቀለበት ከሠሩ እንደ አንቴና ይሆናሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያልተሸፈነው የኤልኤም3886 ዓይነት ጀርባው ከማይነስ ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ነው። ከሙቀት ማራገፊያው ጋር ሲታሰር መሃሉ ላይ ማይካ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ፣ ካልገባ ሾርት ያደርጋል።

ንድፉን ለማውጣት ኪካድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ነው፤ በኋላ የአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን አግዞታል። ፋይሉን ቻይና ላሉ አምራቾች ልኮ ማሠራት ይቻላል። በቤት ለመሥራት ግን ሌዘር ፕሪንተርና ካውያ ያስፈልጋል። መስመሮቹ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ይታተማሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ መነበብ አለበት፣ መዳቡ ላይ ሲያርፍ ይቃናል። መዳቡ እስኪያብረቀርቅ ይፈተጋል፤ ጣት ከነካው በኋላ ቀለሙ በደንብ አይዝም። ከዚያ ወረቀቱን በጋለ ካውያ ጫን ብሎ መተኮስ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ወረቀቱን በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ማሸት ነው። ጥቁሩ መስመር ብቻ ይቀራል። ሰሌዳው ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ሲገባ ያልተሸፈነው መዳብ ከዳር ጀምሮ ይበላል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ልብስ ላይ የፈሰሰ ቡኒ ነጠብጣብ አይለቅም።

ዕቃዎቹ ተበይደው አልቀው አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ ሲበራ፣ በመብራቱ መስመር ላይ የድሮውን ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በተከታታይ ማስገባት ደግ ነው። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ አንድ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ቶሎ ይነቀል። ካፓሲተሮቹ ከተነቀሉም በኋላ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉና እጅ ከማስገባት በፊት በሜትር ይለኩ። ስፒከር ከመታሰሩ በፊት መውጫው ላይ ያለው ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ቮልቴጅ ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆኑ ይታያል።

ከዚያ ጆሮን ስፒከሩ ላይ መለጠፍ ነው። ሻካራ «ዝዝዝ» ከተሰማ 100 ኸርዙ ነው፤ የካፓሲተሮቹ ጅረት ግራውንድ ውስጥ ገብቷል፣ ቦርዱ ላይ መስመር ይቀየራል። ለስለስ ያለ ወፍራም «እምምም» ከሆነ ግን 50 ኸርዝ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚጠረጠረው የትራንስፎርመሩ መግነጢስ ነው። ትራንስፎርመሩን ትንሽ ማራቅ ወይም ማዞር፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከሶኬት እየነቀሉ። ድምፁ የጠፋበት ቦታ ሲገኝ ብሎኑ ይጠብቃል።