ጂኤልፒ-1 ምንድን ነው? ገበያውስ ወዴት እየሄደ ነው?

እንጀራ በልተን «በቃኝ» የምንለው ሆዳችን ስለሞላ ብቻ አይደለም። ምግብ አንጀት ሲደርስ አንድ ሆርሞን ይለቀቃል። ስሙ ጂኤልፒ-1 ነው። ቆሽት የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነሳሳል፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ለአንጎል ደግሞ መጥገባችንን ይነግራል።

በመድኃኒትነት ለመጠቀም ችግሩ፣ ይህ ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈራርሳል። መፍትሔው የተገኘው ማንም ካላሰበው ቦታ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ ጊላ የሚባል መርዛማ እንሽላሊት አለ። መርዙ ውስጥ ጂኤልፒ-1ን የሚመስል፣ ግን ቶሎ የማይፈርስ ነገር ተገኘ። በዚያ አምሳል የተሠራው ባየታ የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በቀን ሁለቴ የሚወጋ ነበር። በ2017 የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ ኦዜምፒክን አስፈቀደ። ይሄ በሳምንት አንዴ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሆዱ ላይ የተወጋ ሰው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ መርፌ አያስፈልገውም። በ2022 የአሜሪካው ኢላይ ሊሊ መድኃኒት ማውንጃሮ ተከተለ።

መድኃኒቱ የተሠራው ለስኳር በሽታ ነው። የሚወስዱት ሰዎች ግን ምግባቸውን ሳይጨርሱ እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ፤ ቀጠኑ። ገበያው የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ስኳር ያለበት ሰው ብቻ መሆኑ ቀረ። በ2023 የኖቮ ኖርዲስክ የገበያ ዋጋ ከዴንማርክ ዓመታዊ ምርት በላጭ ሆነ። በኅዳር 2025 ደግሞ ኢላይ ሊሊ 1 ትሪሊዮን ዶላር በመድረስ ከመድኃኒት ድርጅቶች የመጀመሪያው ሆነ። በመሃል ኖቮ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቶ ሥራ አስኪያጁን ቀይሯል። «ገበያው ያድጋል» ማለት ቀላል ነው፤ ማን ይበላዋል የሚለውን መገመት ግን ከባድ ነው።

የበሽታው ትንበያ ያስፈራል። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን እንደሚለው በ2024 ስኳር ያለባቸው አዋቂዎች 589 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2050 ወደ 853 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከአምስቱ አራቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ስለዚህ እኔ የምከታተለው የአክሲዮን ዋጋን ሳይሆን ፓተንትን፣ ማለትም መድኃኒቱን ብቻውን የማምረት መብትን ነው። የኦዜምፒክ ዋና ንጥረ ነገር ሴማግሉታይድ ሕንድ፣ ቻይናና ብራዚል ውስጥ የፓተንት ጊዜው የሚያበቃው በ2026 ነው። ካናዳ ውስጥማ ኖቮ ከ500 የካናዳ ዶላር ያነሰ ዓመታዊ ክፍያ ሳይከፍል ቀርቶ መብቱን ቀድሞ አጥቷል። ፓተንቱ ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያመርታሉ፣ ዋጋ ይወርዳል። የእኛ ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ የሕንድ መድኃኒት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይሄ ለምን እንደሚያጓጓኝ ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን አያመነጭም። ጂኤልፒ-1 ለእሱ ኢንሱሊንን አይተካም፤ ኢንሱሊን ካቆመ ይሞታል። ይህ ደንበኛ ደግሞ ብዙ ትርፍ የሚያመጣ አይደለም። በ2024 ኖቮ ለደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ጤና ተቋማት በፔን (እስክሪብቶ በሚመስል መርፌ) የሚወጋውን፣ «የሰው ኢንሱሊን» የሚባለውን የኢንሱሊን ዓይነት ማቅረብ አቆመ። በፔን መወጋት የለመዱ ሕመምተኞች ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ ተመለሱ።