የትምህርት ቤት ጤና ማዕከል ምንድን ነው?

«የትምህርት ቤት ክሊኒክ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው፣ ቀይ መስቀል ያለባት ሳጥን ናት። ውስጧ ጥጥ፣ ፋሻና አልኮል አለ። ዕድለኛ ለሆነ ፓራሲታሞልም አይጠፋም። ቁልፉ ግን ለስብሰባ የወጣ መምህር ኪስ ውስጥ ነው። የምናወራው ስለዚህች ሳጥን አይደለም።

የትምህርት ቤት ጤና ማዕከል የሚባለው ግቢው ውስጥ የተከፈተ እውነተኛ ክሊኒክ ነው። ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ይከትባል፣ ቁስል ያጥባል፣ የጨነቀውን ልጅ ቁጭ ብሎ ያናግራል። ካርድ አለው። ልጁ በሳምንቱ ቢመለስ ባለፈው ምን እንደተባለ የሚያውቅ ባለሙያ ያገኛል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ማዕከሉን የሚመራው ትምህርት ቤቱ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ክፍሉን፣ ውሃውንና መብራቱን ይሰጣል። ባለሙያው፣ መድኃኒቱና መዝገቡ ግን የሕክምና ተቋም ነው፤ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ የተማሪውን ካርድ አውጥቶ ማንበብ አይችልም። ልጅ ምስጢሩን የሚናገረው ይሄንን ሲያውቅ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኒውዮርክ መሄድ ይጠቅማል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ሐኪሞችን ወደ ትምህርት ቤቶች ትልክ ነበር። ሐኪሞቹ ትራኮማ፣ ጭርት፣ እከክ ወይም ቅማል ያለበት ልጅ ሲያገኙ ወደ ቤቱ ይሸኙታል። ሥራቸው እዚያ ላይ ያበቃል። ልጁ ቤት ይሄዳል። ቤት የሚያክመው የለም። መንገድ ላይ ሲጫወት ይውልና በሽታውን ለጎረቤት ልጅ ያካፍላል። በሴፕቴምበር 1902 ብቻ ከ10,000 በላይ ልጆች በዚህ መንገድ ከክፍል ወጥተዋል። በቀጣዩ ወር ሊና ሮጀርስ ለምትባል ነርስ አራት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ ተሰጧት። የተሰጣት ጊዜ አንድ ወር ነበር። ሮጀርስ ልጆቹን እዚያው አጠበች፣ ቅባት ቀባች፣ ወደ ክፍላቸው መለሰች። ከዚያ ቤታቸው ድረስ እየሄደች እናቶቻቸውን ማሳየት ያዘች። ከተማዋ ተጨማሪ ነርሶች ቀጠረች። ልክ በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1903፣ ከክፍል የወጡት ልጆች ቁጥር ወደ 1,100 ገደማ ወረደ። በመሃል የተገኘ አዲስ መድኃኒት አልነበረም።

ዛሬ የምናውቀው ሙሉ ክሊኒክ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ይሄም እንደ ፈረንጆቹ) የአሜሪካ ከተሞች በሆኑት ካምብሪጅ፣ ዳላስና ሴንት ፖል ውስጥ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016/17 አሜሪካ ውስጥ ከ2,500 በላይ እንዲህ ዓይነት ማዕከላት ነበሩ። ወላጅ ዓመቱ ሲጀምር የፈቃድ ፎርም ይፈርማል። ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚከፍለው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት መድህንና ልዩ ልዩ ድጎማዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ማዕከላት ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ታናሽ ወንድሙን፣ እናቱን፣ መምህራኑንም ያክማሉ።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሱን አመመው፣ አንቀጠቀጠው እንበል። መምህሩ ግንባሩን ነካ ያደርግና «በል ሂድ፣ ቤትህ ተኛ» ይለዋል። እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሺፍት ላይ ናት። የምታገኘው ማታ ነው። በማግስቱ ታስፈቅዳለች፤ የቀን ደመወዟ ይቆረጣል። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወረፋ አለ። ሐኪሙ ጋ ወረፋ አለ። ላብራቶሪ ሌላ ወረፋ። «ውጤት ከሰዓት ኑ»። ከሰዓት ወባ ነው ይባላል። «ይቺን ደግሞ ከውጭ ግዙ» የምትባል ወረቀትም አትጠፋም። ልጁ ሁለት የትምህርት ቀን አመለጠው፣ እናት የአንድ ቀን ደመወዝ አጣች፣ ወባው አንድ ሌሊት ተጨመረለት። ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት አንድ ሌሊት ብዙ ነው።

ያው ልጅ ግቢው ውስጥ ክሊኒክ ቢኖርስ? ነርሷ ጣቱን ጫፍ ላይ ትወጋዋለች። አንድ ጠብታ ደም ትንሿ መመርመሪያ ላይ ታሳርፋለች። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠብቃሉ። መስመሩ ከወጣ የወባ መድኃኒቱ፣ የመጀመሪያዋ ኮአርተም፣ እዚያው እሷ ፊት ትዋጣለች። መድኃኒቱ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው። ልጅ ደግሞ ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው ቀሪውን ይረሳል፤ ትልቅ ሰውም ይረሳል። ነርሷ ግን በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ታገኘዋለች፤ «የጠዋቱን ዋጥክ?» ማለት ብቻ ነው ሥራዋ። እንዲህ ዓይነቱን ምርመራ በገጠር ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። ትምህርት ቤት ሲሆን የሚከብድበት ምክንያት አይታየኝም።

25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ተጉዘን ደሴ ስንደርስ ወባው ቀለል ይልና ብርዱ ይተካል። ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ክረምቱን ጉሮሮውን ያላመመው ልጅ የለም። «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ይባላል። እውነትም አብዛኛው ያልፋል። እንጥል የሚያስቆርጥ ቤትም አለ፤ እሱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ችግሩ ያለው በማያልፈው ላይ ነው። የጉሮሮው ሕመም ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ ከሆነና በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ከዚያ የልብ ቫልቭ ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚሉት ይሄ ነው። በብዛት የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም ልጁ ደብተር ይዞ በሚመላለስበት ጊዜ። አንዴ ከያዘ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን መወጋት ግድ ነው፤ ያውም ለዓመታት። መርፌው ያማል። የወሩ ቀን ከፈተና ጋር ይጋጫል፣ ከገበያ ቀን ጋር ይጋጫል፣ ወላጅ ጋ ገንዘብ ከሌለበት ቀን ጋር ይጋጫል። አንድ ወር ይዘለላል፣ ከዚያ ሁለት። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ልጁ ለመርፌው ተብሎ የሚሄድበት ቦታ የለም፤ ድሮም እዚያው ነው። ነርሷ ቀኑን ካርዱ ላይ ታያለች፣ ከክፍል ታስጠራዋለች፣ አለቀ። ለእኔ ማዕከሉ ሌላ ምንም ባይሠራ ይሄ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላም አለ። ክፍል ውስጥ ልጅ በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ የሚሆነውን እናውቃለን። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያስጠጋል። ሌላው ጥርሱን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ይታገላል። ሌሎቹ ይሸሻሉ። በማግስቱ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። የሚጥል በሽታ ግን መድኃኒት አለው፤ አብዛኛው ሰው በርካሽ ኪኒን ይረጋጋል። ጠበሉም ዱአውም ከኪኒኑ ጋር አይጣላም። ግቢው ውስጥ ባለሙያ ካለ ለመምህራኑ አንድ ከሰዓት ሰጥቶ ያስተምራቸዋል፦ ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ክብሪቱን ኪሳችሁ ክተቱት።

ዓይንም እንዲሁ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ ሰሌዳው ካልታያት ሰነፍ ናት ተብሎ ያልፋል። በአራት አቅጣጫ የተገለበጠች ምልክት ያለበት ሰንጠረዥ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ተሰቅሎ መምህር ራሱ ሊለካት ይችላል። ከባድ ከሆነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው።

«ይሄማ እኛም ጋ አለ፤ በየጊዜው እየመጡ ይከትቡ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ በከፊል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም ሲጀመር የተሰጠው በዋናነት በትምህርት ቤቶች ነው። የአንጀት ትላትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒትም ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። የቢልሃርዚያው አሰጣጥ ራሱ ያስገርማል። ሚዛን አያስፈልግም። ልጁ ምልክት በተደረገበት ረጅም ዘንግ አጠገብ ይቆማል፤ አናቱ የደረሰበት መስመር ስንት ኪኒን እንደሚውጥ ይናገራል። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ እስከ አምስት። ኪኒኑ ትልቅና መራራ ስለሆነ ባዶ ሆድ ለመጣ ልጅ ያቅለሸልሻል፤ በልቶ መምጣት አለበት።

ዘመቻ ግን ዘመቻ ነው። የአንድ ሰሞን እንግዳ ነው። መኪናው ከግቢው ሲወጣ አገልግሎቱም አብሮት ይወጣል። ዘመቻ ሁሉንም ልጅ በአንድ በሽታ ያያል። ማዕከል ደግሞ አንዱን ልጅ በሁሉም ነገሩ ያየዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን እንደ ሌላው መቁጠር ነው ስህተቱ።

ስለ ሴቶች ልጆች ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የወር አበባዋ ክፍል ውስጥ የመጣባት ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ቤት ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ የቀረውንም ቀን አትመለስም። ሞዴስ፣ ውሃ፣ የሚቆለፍ በርና የሕመም ማስታገሻ ቢኖር አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ባላመለጣት። እዚህ ላይ የክፍሉ ቦታ ራሱ ሕክምና ነው። በሩ ተማሪው ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ከሚሰለፍበት ሜዳ ፊት ለፊት ከሆነ ማንም አይገባበትም። ማን ገባ፣ ምን ሆና ነው፣ እየተባለ ወሬው እረፍት ሳይደርስ ግቢውን ያዳርሳል። ደሴ ለሐሜት ትንሽ ከተማ ናት።

ጭንቀትስ? በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተፈናቃዮች የተጠለሉባቸው ቦታዎች ነበሩ። ክፍሎቹ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። ጦርነቱ ራሱም ሁለቱንም ከተሞች ደርሷቸዋል። በር ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ ያለምክንያት የሚደባደብ ልጅ ሁሉ «ረባሽ» አይደለም። ስሙ የአእምሮ ሕክምና ወደሚባል ክፍል ልጁን የሚወስድ ወላጅ ጥቂት ነው። «ነርሷ ጋ ሄጄ ነበር» ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም። አሜሪካ ውስጥም ብዙዎቹ ማዕከላት የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው።

ቤተሰቡስ በየት በኩል ይገባል? በልጁ በኩል ነዋ። አንድ ልጅ እከክ ይዞት ቢታከምና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ቢጋራ፣ በሁለት ሳምንቱ ይመለሳል። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ መታከም አለበት። ነርሷ እናትየዋን ታስጠራለች። «ነይ እስቲ እትዬ፣ ቁጭ በይ» ትላለች፤ በዚያው ደም ግፊቷን ትለካለች። የማህበረሰብ ጤና መድህን ደብተራቸው ታድሶ እንደሆነም ትጠይቃለች። መድህኑ በ2003 ዓ.ም ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ተሁለደሬ ነበር። አካባቢው ለነገሩ እንግዳ አይደለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔ ብጠየቅ ከሕንፃ አልጀምርም። ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለትና ይዘጋል። አንድ ክፍል፣ የሚፈስ ውሃ፣ መጋረጃ፣ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን። ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የምትመጣ ነርስ፣ ለጊዜው በሳምንት ሁለት ቀን። ግን ቀኑ የማይዘለል መሆን አለበት። ሁልጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ከሆነች ልጁም ወላጁም ይለምዷታል። «አንዳንድ ጊዜ ትመጣለች» ከሆነ ያቺ ሳጥን ትሻላለች። ደሴ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ወሎ ዩኒቨርሲቲ አሏት፤ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎቻቸው በነርሷ ሥር ሆነው ሊያግዙ ይችላሉ። መምህሩን ግን ሐኪም እናድርግህ ማለት አይሠራም። 60 ልጅ ይዞ የሚውል ሰው ላይ ሌላ ሸክም ነው የሚሆነው።

ክፍተትም አለው። ሐምሌና ነሐሴ ግቢው ባዶ ነው። በየአራት ሳምንቱ መርፌ የሚወስደው ልጅ ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ራሱ ጋ ይሄዳል፤ መዝገቡ የጤና ጣቢያው የሆነው ለዚህም ይጠቅማል። ከዚያ የሚከብደው ጭራሽ ትምህርት ቤት የማይመጣው ልጅ ነው። ሊስትሮ የሚሠራው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለው፣ ከብት የሚጠብቀው። ይሄ ማዕከል አያገኛቸውም። ለእነሱ ያለችው የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ እሷም ቤት ለቤት ስትዞር እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።