ቋጠሮውን መፍታት፦ በቢቢኤስ ዘመን የታመቁ ፋይሎች

አንድ የዚፕ ፋይል ወስዳችሁ ባይት በባይት ብታዩት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ 80 እና 75 ናቸው። በላቲን ፊደል ሲነበቡ "ፒ" እና "ኬ" ይሆናሉ። የአሁኑ የዎርድ ሰነድም፣ የአንድሮይድ አፕም እንደዚሁ ይጀምራሉ። ሁለቱ ፊደላት የአንድ ሰው ስም መነሻ ናቸው፤ የፊል ካትዝ። ካትዝ የሚልዋኪ፣ ዊስኮንሲን ሰው ነበር። ሥራው የተስፋፋው በኢንተርኔት ሳይሆን በስልክ ሽቦ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቢቢኤስ ማለት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አንድ ሰው ቤቱ ያለውን ኮምፒውተር ከሞደምና ከስልክ መስመር ጋር ያገናኛል፤ ሞደም ኮምፒውተሮች በስልክ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ሌሎች ደውለው ይገባሉ፣ መልእክት ይተዋሉ፣ ፋይል ያወርዳሉ። የመጀመሪያውን ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ በየካቲት 1978 ቺካጎ ውስጥ ከፈቱት። ሐሳቡ የመጣላቸው ከተማዋን ከባድ በረዶ በዘጋበት ሰሞን ነው። መስመሩ አንድ ከሆነ የሚገባውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው መስመር ተይዟል ይባላል፤ ተራ ይጠብቃል።

ፋይል የማመቅ፣ ማለትም ይዘቱ ሳይጠፋ መጠኑን የማሳነስ ነገር ለምን እንደገነነ ለመረዳት ትንሽ ሂሳብ ይበቃል። የ300 ቦድ (ቦድ የፍጥነት መለኪያ ነው) ሞደም በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል ያስተላልፋል። የዚያን ጊዜ አንድ ፍሎፒ፣ ማለትም ከኮምፒውተር የሚወጣ ስስ ዲስክ፣ 360 ኪሎባይት ይይዝ ነበር። ይህንን በዚያ ሞደም ለማውረድ ከሦስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ያነሰ ይፈጃል። በ2400ው ሞደም ግን ወደ 26 ደቂቃ ይወርዳል። ፋይሉ በግማሽ ከታመቀ ደግሞ 13 ደቂቃ። ሩቅ ከተማ ለሚደውል ሰው እያንዳንዱ ደቂቃ የስልክ ሂሳብ ላይ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ማመቅ ቅንጦት አልነበረም። የኪስ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ሁለት ጊዜ መልፋት ነበረው። ሲፒኤም በተባለው የቀድሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ዘመን አንዱ ፕሮግራም ፋይል ያምቃል፣ ሌላው ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ያስራል። ያወረደው ሰው መጀመሪያ እስሩን ይፈታል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ያስፋፋል። በ1985 ቶም ሄንደርሰንና ድርጅቱ ኤስኢኤ "አርክ" የተባለውን ይዘው መጡ። አርክ ማሰሩንም ማመቁንም አንድ ላይ አደረገው። ሰሌዳዎቹም ወዲያው ተቀበሉት።

ካትዝ የገባው እዚህ ጋ ነው። አርክን የሚተካ፣ በጣም የፈጠነ ፕሮግራም ጻፈ። ኤስኢኤ በ1988 ከሰሰው፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ። ካትዝ ከአርክ ጋር የሚሠራ ፕሮግራም ማሰራጨቱን አቁሞ በ1989 የራሱን ዚፕ አወጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ፍጥነቱ አይደለም። የፋይሉን አሠራር በዝርዝር ጽፎ ለማንም ክፍት አደረገው። የፈለገ ሰው አንብቦ የራሱን መፍቻ መሥራት ይችላል። ዚፕ ዛሬም በየቦታው የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ካትዝ ግን ብዙ አልኖረም፤ በ2000፣ ገና በ37 ዓመቱ አረፈ።

ዚፕ ብቻውንም አልነበረም። ጃፓን ውስጥ ሃሩያሱ ዮሺዛኪ የሠራው ኤልኤችኤ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሮበርት ጁንግ ኤአርጄ ነበር፤ ትልቅ ፋይልን በብዙ ፍሎፒ ላይ ለመከፋፈል የሚወደድ ነበር። ማኪንቶሽ ላይ ደግሞ ስታፊት። ስለዚህ ያወረደ ሰው መጀመሪያ የፋይሉን ስም ጭራ (ከነጥቡ በኋላ ያለውን) ያያል፣ ከዚያ የሚፈታበትን ፕሮግራም ይፈልጋል።

ውስጡ ምን ይካሄዳል? መሠረቱ አብርሃም ሌምፔልና ያኮብ ዚቭ በ1977 ያሳተሙት ሐሳብ ነው። "አበበ በሶ በላ አበበ በሶ ጠጣ" የሚለውን ውሰዱ። ሁለተኛው "አበበ በሶ" ላይ ሲደርስ አማቂው ቃላቱን መልሶ አይጽፍም። "10 ቦታ ወደ ኋላ ሂድና 7 ቅዳ" ብሎ ያልፋል፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ፈቺው ትእዛዙን ተከትሎ ይቀዳል። በ1993 የወጣው የካትዝ ፕሮግራም ይዞት የመጣው "ዲፍሌት" ይህንን እስከ 32 ኪሎባይት ወደ ኋላ እየተመለከተ ይሠራል። በዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ምልክት አጭር ኮድ ይሰጣል። ይህኛው ብልሃት ዴቪድ ሃፍማን በ1952 ያሳተመው ነው። ድግግሞሽ የሞላበት ጽሑፍ በጣም ይታመቃል። የጂፍ ሥዕል ግን ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ እምብዛም አይቀንስም።

አሠራሩ እንዲህ ያለ በመሆኑ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። መሃል ላይ አንድ ባይት ከተበላሸ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የዚያ ፋይል ክፍል ወደ ኋላ እያየ የተበላሸውን ይቀዳል። ለዚህ ነው ዚፕ ለእያንዳንዱ ፋይል መፈተሻ ቁጥር የሚይዘው። ልምድ ያለው ሰው ከመፍታቱ በፊት የመፈተሻ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። የፋይሎቹ ስም በተራ ይመጣል፣ ከጎኑ "ኦኬ" ይላል። አንዱ ላይ ኦኬ ከጠፋ ስልክ መልሶ መደወል ነው።

ሌላው ችግር የመስመር መቋረጥ ነው። ዚፕ የይዘቱን ማውጫ የሚያስቀምጠው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ስልኩን ካነሳና መስመሩ ከተበጠሰ ማውጫው አይደርስም፤ ፈቺውም አላውቀውም ይላል። ካትዝ ለዚህ የጥገና ፕሮግራም አብሮ ይሰጥ ነበር። ከየፋይሉ ፊት ያለውን መለያ እየለቀመ ማውጫውን እንደገና ይሠራል። በ1986 ዚሞደም የተባለው የቻክ ፎርስበርግ የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ ሲመጣ ደግሞ የተቋረጠውን ካቆመበት መቀጠል ተቻለ። ከዚያ በፊት ግን ልፋቱ ውሃ በላው ማለት ነበር።

አፈታቱ ራሱ ወግ ነበረው። መጀመሪያ ባዶ ፎልደር ይከፈታል። አለበለዚያ አርባ ሃምሳ ፋይል ከሌላው ጋር ይደባለቅና መለየት ይቸግራል። ውስጡ ፎልደሮች ካሉ ይህንኑ የሚናገር ተጨማሪ ምልክት ትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት። ያ ከተረሳ ሁሉም አንድ ቦታ ይዘረገፋል። ብዙ ጥቅሎች ውስጥ እስከ 10 መስመር የሚደርስ አጭር መግለጫ ይገኝ ነበር፤ የሰሌዳው ፕሮግራም ራሱ አውጥቶ ለደዋዮች ያሳየዋል። ቀጥሎ ቫይረስ መፈተሽ አለ። ይህ የዋዛ አልነበረም። በ1995 የካትዝ ፕሮግራም አዲስ እትም ነኝ የሚል የውሸት ፋይል ተሰራጭቶ ነበር፤ ያስነሳው ሰው ሃርድ ዲስኩ ይጠፋበታል።

ይህ ዓለም አዲስ አበባም ደርሷል። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው የመረጃ ተቋም ፓዲስ በፊዶኔት አሠራር ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ በ1984 የጀመረው፣ ሰሌዳዎች እርስ በርስ እየተደዋወሉ ደብዳቤ የሚለዋወጡበት መረብ ነው። በዚህ መረብ መልእክቶች በአንድነት ታምቀው ይላካሉ፤ ተቀባዩ ጋ ተፈትተው ለየባለቤቱ ይታደላሉ። ዓለም አቀፍ ስልክ ውድ ለሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ የዚያን ዘመን ጥቅል ያገኘ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ከዲፍሌት በፊት የነበሩ የዚፕ ዘዴዎችን ብዙ አዳዲስ ፕሮግራሞች አያውቋቸውም። ፋይሉ ደህና ሆኖ ሳለ "ተበላሽቷል" ሊሉ ይችላሉ። እንዳትጥሉት። ሰቨን ዚፕ ወይም ኢንፎ ዚፕ ብዙ ጊዜ ይከፍተዋል። እምቢ ካለ ዶስቦክስ (ዶስ የተባለውን የዱሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ የዱሮውን ፕሮግራም ማስነሳት ይቻላል። ራሳቸውን የሚፈቱ የዶስ ጥቅሎች በ64 ቢት ዊንዶውስ አይነሱም፤ ግን በዚፕ መፍቻ ሊከፈቱ ይችላሉ።

የፋይል ስሞችም ነገር አለ። የዱሮው ዚፕ የሚያውቀው የአሜሪካ ዶስን የፊደል ሠንጠረዥ ነው፤ እዚያ ውስጥ ግዕዝ የለም። የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የሚይዘው ዩኒኮድ ለስሞች በይፋ የገባው በ2006 ነው። ዛሬም አሮጌ ፕሮግራም ያሸገውን፣ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ስትፈቱ ስሙ የማይነበብ የምልክት ጉድ ሆኖ ይመጣል። ይዘቱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ስሙን ቀይሮ መክፈት ብቻ ነው።