ዳራቪ ምንድን ነው?

ህንድ ሙምባይ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው የቆርቆሮ ቤትና ድህነት ብቻ ነው። ድህነቱ አለ፣ ማንም አይክደውም። ግን እኔ ዳራቪን ከሰፈር ይልቅ ፋብሪካ ብለው ነው የሚቀለኝ፣ ምክንያቱም እዛ ቤቱ ራሱ ወርክሾፕ ነው፣ ታች ማሽን ይሰራል ላዩ ላይ ሰው ይተኛል።

ስፋቱ 2.4 ስኩዌር ኪሎሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፣ እስከ 1 ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል ተብሎ ይገመታል። ድሮ ኮሊ የሚባሉ አሳ አጥማጆች የሚኖሩበት ረግረግ ነበር፣ በኋላ ከጉጅራት ግዛት ሸክላ ሰሪዎች ከታሚል ናዱ ግዛት ደግሞ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች መጥተው ሰፈሩ፣ ስራቸውንም ይዘው መጡ።

ኢንፎርማል ኢኮኖሚ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ያለ ፈቃድና ያለ ምዝገባ የሚካሄደው ስራ፣ እንዲገባችሁ ፕላስቲኩን ብቻ እዩት። እኛ ቁራሌው የምንለው አይነት ሰው እዛም አለ፣ ካባዲዋላ ይሉታል፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ወንበር፣ ጠርሙስ እየገዛ ይሰበስባል፣ ዳራቪ ሲደርስ አንዱ በቀለምና በአይነት ይለየዋል፣ ሌላው በማሽን ይፈጨዋል፣ ይታጠባል፣ ጣራ ላይ ይሰጣል፣ ከዛ ቀልጦ እንደ ፓስታ ክር ሆኖ ይወጣና ተቆራርጦ ለፋብሪካ ይሸጣል፣ ተመልሶ ባልዲ ይሆናል። አንድ ኩባንያ አይደለም እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚሰራው፣ ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው እየተቀባበሉ የሚሰሩት፣ ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ቅጥር ውል። ሰራተኞቹ ጭሱ ውስጥ ያለ ማስክ ያለ ጓንት ነው የሚውሉት፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የሰፈሩ አመታዊ ገበያ እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል የሚል ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

ለምን እዛ ቦታ? ባቡር ነው ነገሩ። የከተማዋ ሁለት ዋና የባቡር መስመሮች በግራና በቀኝ ያልፋሉ፣ በአንዱ በኩል ማሂም ጣቢያ በሌላው ሳዮን፣ እቃም ሰውም ቶሎ ይገባል ቶሎ ይወጣል። ከሚቲ ወንዝ ማዶ ደግሞ ባንድራ ኩርላ ኮምፕሌክስ አለ፣ ባንኮቹና ብሄራዊ የአክሲዮን ገበያው ያሉበት፣ ስለዚህ መሬቱ ወርቅ ነው።

ለዚህም ነው የግዛቱ መንግስት ሰፈሩን አፍርሶ እንደገና ሊገነባው የተነሳው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ጨረታውን አዳኒ ግሩፕ የሚባለው ትልቅ የህንድ ኩባንያ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ምድር ቤት ላይ ይኖር እንደነበር በሰነድ ያረጋገጠ ሰው እዛው 350 ስኩዌር ፊት ማለትም ወደ 32 ካሬ ሜትር የሚሆን ቤት በነጻ ያገኛል፣ ላይኛው ቆጥ ላይ ተከራይቶ የሚኖረው ሰራተኛ ግን ከዳራቪ ውጪ ነው የሚመደበው። እኔን የሚያሳስበኝ ቤቱ አይደለም፣ ስራው ነው። ኩምባርዋዳ የሚባለው የሸክላ ሰሪዎቹ መንደር ውስጥ ሸክላው የሚደርቀው ደጅ ላይ ነው፣ የሚተኮሰውም ቤቶቹ መሀል ባለ ምድጃ ነው፣ ፎቅ ላይ 32 ካሬ ሲሰጣቸው ያ ምድጃ የት ሊቀመጥ ነው?