የሃይድሮጂን መኪና ውሃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሃይድሮጂን መኪና ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። እውነት ነው። ግን ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። ያ ውሃ ከመውጣቱ በፊት ፊውል ሴሉ (ሃይድሮጂንን ከኦክስጅን አዋህዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ውስጥ የሚሠራው ሥራና የሚያመጣው ጣጣ አይወራም። የማወራው መኪና ውስጥ ስለሚገባው፣ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚሠራው ባለ ስስ ሜምብሬን (ሁለቱን ጎኖች የሚለይ ስስ ሽፋን) ዓይነት ነው።

«ውሃው ተረፈ ምርት ነው፤ ቶሎ ቢወገድ ይሻላል»

አይደለም። ሃይድሮጂኑ አኖድ በሚባለው ጎን በኩል ገብቶ ወደ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ይለያያል። ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል። ፕሮቶኑ ሜምብሬኑን አቋርጦ በሌላው ጎን፣ ካቶድ ላይ፣ ከኦክስጅን ጋር ውሃ ይሆናል። ሜምብሬኑ ግን ፕሮቶን በደንብ የሚያሳልፈው ሲርስ ነው። ከደረቀ ኃይሉ ይወርዳል፣ ይግላል። ሲርስና ሲደርቅ ከከረመ ደግሞ ይሰነጠቃል።

«ውሃውን ራሱ ስለሚሠራ አይደርቅም»

ይህን የሚሉት ስለ ጉዳዩ ትንሽ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ስህተቱም የሚገባ ስህተት ነው። ውሃው የሚፈጠረው ካቶድ ላይ ነው። ፕሮቶኖቹ ደግሞ ሲሻገሩ ከአኖድ በኩል ውሃ እየጎተቱ ይሄዳሉ። መኪናው ዳገት ሲወጣ መጎተቱ ይብሳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንዱ ጎን ደርቆ ሌላው ሊጥለቀለቅ ይችላል።

ከውጭ የሚገባው አየርም አለ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ፣ እርጥበት የጠገበ አየር በሜትር ኪዩብ 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። 80 ዲግሪ ላይ ግን አየር 290 ግራም ገደማ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ያ እርጥብ የመሰለን አየር ሴሉ ውስጥ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ያገኘውን ውሃ ሁሉ ይመጥጣል።

«እንግዲያው የግድ እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል»

በብዙዎቹ ላይ አለ። ቶዮታ በ2014 ለገበያ ያወጣው ሚራይ ግን የለውም። ሜምብሬኑን አሳሱት፤ የካቶዱ ውሃ ወደ አኖድ ተመልሶ ይሰርጋል። ሳይሠራ የቀረውን ሃይድሮጂንም በፓምፕ ያዞሩታል፤ እርጥበቱን ይዞ ይመለሳል። አንድ መሣሪያ በመቀነስ የተገኘ መፍትሔ ነው፤ በጣም የምወደው ብልሃት ነው።

«ውሃ ቢበዛ ኃይል ይቀንሳል እንጂ ጉዳት የለውም»

ከሁሉ በላይ ቢታረም ደስ የሚለኝ ይሄኛው ነው። ውሃ የአየሩን መንገድ ሲዘጋ፣ እውነት ነው፣ ሲነፋ ይስተካከላል። የሃይድሮጂኑን መንገድ ሲዘጋ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሚራይ 370 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። አንዱ ሃይድሮጂን ቢያጣም የሌሎቹ ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል ማለፉን አያቆምም። ያ ሴል መጀመሪያ ውሃ ይሰነጥቃል፤ ቀጥሎ የራሱን ካርቦን ይበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥነው ፕላቲኒየም የተቀመጠው እዚያ ካርቦን ላይ ነው። የተበላው አይመለስም። ጋዙ የሚያልፍበት የካርቦን ወረቀት ውሃ እንዳይዝ ቴፍሎን የሚቀባው አለምክንያት አይደለም።

«ከቤንዚን መኪና የበለጠ መንገድ ያረጥባል»

1 ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ኪሎ ገደማ ውሃ ይሰጣል፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። 1 ሊትር ቤንዚንም ሲቃጠል 1 ኪሎ ገደማ ውሃ ያወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና እንግዲህ ብዙም አይተናነስም። የቤንዚኑ በሞቀ እንፋሎት ስለሚወጣ አይታየንም።

«ውሃው ይጠጣል»

ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ ጠፈርተኞች የመንኮራኩራቸውን ፊውል ሴል ውሃ ጠጥተውታል። በ1970 የአፖሎ 13 የኦክስጅን ታንክ ሲፈነዳ ፊውል ሴሎቹ ቆሙ፤ መብራትም የሚጠጣ ውሃም አብረው አጠሩ። በ1965 በጀሚናይ መንኮራኩር የበረረው ባለ ሜምብሬን ሴል ግን ውሃው ተበክሎ ለመጠጥ አልሆነም። የመኪናውም ለመጠጥ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

«በረዶ ባለበት አገር አይሠራም»

ሚራይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይም እንዲነሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። ችግሩ ሲቆም ውስጡ የቀረው ውሃ ነው፤ ከረጋ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ስለዚህ መኪናው ከጠፋ በኋላም አየር እየነፋ ውሃውን ያስወጣል። ሹፌሩም ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ውሃውን የሚያፈስበት ቁልፍ አለው።